ያልፈረሙት ቁጥር፦ የዶ/ር ማንአልሞሽ ዘመድኩን የሕይወት ታሪክ

ዶ/ር ማንአልሞሽ ዘመድኩን ከአባታቸው ከአቶ ዘመድኩን ደስታ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አዲስአለም ሽብሩ ግንቦት 12 ቀን 1947 ዓ.ም. በሞጆ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በምድር ባቡር ጣቢያ ትኬት ሻጭ ነበሩ። እናታቸው በመታወቂያቸው ላይ የቤት እመቤት ተብለው ቢጻፉም፣ በጣቢያው በር ለመንገደኛ ዳቦና ሻይ እየሸጡ ቤቱን እኩል ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። ዶ/ር ማንአልሞሽ ያንን መታወቂያ ባዩ ቁጥር ይናደዱ ነበር። ሰው የሚሠራው ሌላ፣ ወረቀት የሚለው ሌላ መሆኑ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያንገበግባቸው ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሞጆ፣ የሁለተኛ ደረጃውን ደግሞ በናዝሬት አጠናቀቁ። በ1965 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ በመካከሉ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ከፋ ዘምተው፣ በ1970 ዓ.ም. በስታቲስቲክስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በዚያው ዓመት በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት ተቀጠሩ።

በ1976 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲካሄድ በጨቦና ጉራጌ አውራጃ የአካባቢ ተቆጣጣሪ ሆነው ተመደቡ። ከአንድ የገጠር ቀበሌ የተመለሱ ቆጣሪዎች በቀበሌው አንድም ጨቅላ ሕፃን የለም ብለው ሪፖርት አደረጉ። ሌላው ተቆጣጣሪ ቢሆን ፈርሞ ያልፈው ነበር። እርሳቸው ግን በእግራቸው ሄዱ። ልጅ እያጠባች ያገኟት አንዲት እናት ልጅ እንደሌላት ነገረቻቸው። “ይኼስ?” ሲሏት፣ “እሱማ ገና ክርስትና አልተነሣም። ስም የሌለውን ምን ብዬ ላስቆጥረው? ደግሞስ ልጅ እንደ ከብት ይቆጠራል እንዴ?” አለቻቸው። ዶ/ር ማንአልሞሽ ሴትዮዋን አልገሠጹም። ጥፋቱ የጥያቄው ነው አሉ። በማግሥቱ ቆጣሪዎቹ “ምን ያህል ልጆች አሉሽ?” ማለታቸውን ትተው “በቅርብ ክርስትና የሚነሣ አለ ወይ?” እያሉ እንዲጠይቁ አደረጉ። ሕፃናቱ ከየቤቱ ወጡ። አንዳንዷ እናትማ የድግሱን ቀን ነግራ ቆጣሪውን እንዳይቀር አደራ ብላዋለች።

ይህንን ታሪክ እንደ ቀልድ ሲያወሩት የሰማ ብዙ ሰው እዚህ አለ። እርሳቸው ግን ቀልድ ብለው አልያዙትም። የሕዝብን ቁጥር የሚያጎድለው ብዙ ጊዜ የሕዝቡ አለመኖር ሳይሆን የጠያቂው አለማወቅ ነው የሚለውን እምነታቸውን ያገኙት ከዚያች እናት ነው።

በ1974 ዓ.ም. ከአቶ መልከጸዴቅ አበጋዝ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው በ1977 ዓ.ም. ሃሴትን ወለዱ። በ1980 ዓ.ም. ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ መጡ። ባለቤታቸውና ሴት ልጃቸው ከሦስት ዓመት በኋላ ተከተሏቸው፤ ወንዱ ልጃቸው ናኦድ እዚሁ ሲያትል ተወለደ። ቤተሰቡ ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው የሲያትል ሰፈር በኪራይ ሲኖር አቶ መልከጸዴቅ የከተማ አውቶቡስ ይነዱ ነበር። ዶ/ር ማንአልሞሽ ቀን ይማራሉ፣ ማታ መሀል ከተማ ዳውንታውን በአንድ የመኪና ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆነው ይሠራሉ። በ1989 ዓ.ም. የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በሥነ ሕዝብ ጥናት አገኙ።

ማኅበረሰባችን እርሳቸውን ሁልጊዜ አልወደዳቸውም፤ ዛሬ በሞታቸው ቀን እንደወደዳቸው ማስመሰል ውሸት ነው። የኮሚኒቲያችን አመራር በሲያትልና አካባቢው ያለው ኢትዮጵያዊ ቁጥር ይህን ያህል ነው ብሎ ለከተማው ምክር ቤት ሊያቀርብ ባዘጋጀው ስብሰባ ላይ ተነሥተው “ከየት አመጣችሁት?” ብለው ጠየቁ። አዳራሹ አጉረመረመ። ሰብሳቢው፣ “እትዬ ማንአልሞሽ፣ ቁጥራችን ቢበዛ ማንን ይጎዳል?” አሏቸው። “ቢያንስ ማንን ይጎዳል የሚልም ሞልቷል። እናንተና እነሱ አንድ ናችሁ” ብለው ቁጭ አሉ። ለረጅም ጊዜ ሰላም ያላሏቸው ሰዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ ዛሬ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ2001 በከተማችን በሚገኝ አንድ አማካሪ ድርጅት ተቀጠሩ። የድርጅቱን ስም እዚህ ጠርተን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አናስነብበውም። ድርጅቱ የትናንሽ አገሮችን የሕዝብ ጥናት በኮንትራት እየወሰደ የሚሠራ ነው። ዶ/ር ማንአልሞሽ ለአሥር ዓመት በታማኝነት አገለገሉት። ከዚያ ኑካሬ መጣች።

ኑካሬ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ያለች የጥቂት ደሴቶች አገር ናት። ሕዝቧ በወቅቱ አሥራ አንድ ሺህ ገደማ ነበር። ለአማካሪዎች አሥራ አንድ ሺህ ሰው ማለት ቁጥር ሲያጠጋጉ የሚጥሉት ትርፍራፊ ነው። ለዶ/ር ማንአልሞሽ ግን አገር ነበር፤ ፓርላማ ያለው፣ ትምህርት ቤት ያለው፣ የሚያገባና የሚፋታ፣ የሚጣላና የሚታረቅ ሕዝብ። ከኑካሬ ጎልማሳ ወንዶች ብዙዎቹ በሌሎች አገሮች የጭነት መርከቦች ላይ መርከበኞች ናቸው። አንዱ ከወጣ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሳይመለስ ይቆያል። ቤቱንም፣ እርሻውንም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም የያዙት ሴቶቹ ናቸው።

በዚያች አገር የተወለደ ልጅ የመጀመሪያ ፀጉሩን የሚላጨው በእናቱ ወንድም እጅ ነው። እስኪላጭ ድረስ ስሙ ለእንግዳ አይነገርም፣ እናቱም ልጅ ወልጃለሁ ብላ ለማታውቀው ሰው አታወራም። አጎትየው ባሕር ላይ ከሆነ ልጁ ይጠብቀዋል። ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ፀጉሩን አጎፍሮ የሚሮጥ ልጅ በየደጁ አለ።

ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ያንን ሕዝብ ሲያጠና የላካቸው ወጣቶች ታብሌት ይዘው በየቤቱ እየገቡ እናቶችን “ስንት ልጆች አሉሽ?” ብለው ጠየቁ። እናቶቹም በሥርዓታቸው መሠረት መለሱ። ባሕር ላይ ያሉትን ወንዶችም በቆጠራው ሌሊት ቤት ስላላደሩ የቆጠራቸው የለም። መረጃው ሲያትል ሲደርስ የአገሪቱ ሕዝብ ወደ ስምንት ሺህ ወርዶ፣ ከሦስት ዓመት በታች ያለው ልጅ ደግሞ ጠፍቶ ተገኘ። የድርጅቱ ሰዎች ደስ አላቸው። ደስ አላቸው ስንል ማጋነን አይደለም። “መውለድ ያቆመች አገር” የሚል ርዕስ አግኝተው ነበርና።

ዶ/ር ማንአልሞሽ ሥዕላዊ መግለጫውን ባዩ ጊዜ፣ ጦርነት ሳይኖር፣ ረሃብ ሳይኖር፣ አንድ ሕዝብ በአንድ ጊዜ መውለድ አያቆምም ብለው ተከራከሩ። በብዙ ጭቅጭቅ ወደ ኑካሬ ሄዱ። ከደረሱ በኋላ ግማሹን መልስ ማንንም ሳይጠይቁ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አገኙት፤ ከዳር እስከ ዳር የሕፃን ልብስ ተሰጥቶ ነበር። የቀረውን ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው ሰሙ። ስለ ፀጉሩ ሥርዓት ሲነግሯቸው የጉራጌዋ እናት ትዝ አለቻቸውና ሳቁ፤ ሴቶቹም አብረዋቸው ሳቁ። በማግሥቱ በየቤቱ እየዞሩ “ፀጉሩ አጎቱን የሚጠብቅ በዚህ ቤት አለ ወይ?” ብለው ጠየቁ። ልጆቹ በእናቶቻቸው ጀርባና በአያቶቻቸው ጭን ላይ ሆነው መጡ። አገሪቱ መውለድ አላቆመችም፤ እንደ ወትሮው እየወለደች ነበር።

ይህንን ይዘው ሲያትል ሲመለሱ አለቃቸው፣ “ማና፣ የመስክ ሥራው ተዘግቷል። በጀቱም አልቋል። ስምንት ሺህ ሆነ አሥራ አንድ ሺህ፣ እንደዚያ ላለች አገር ምን ለውጥ ያመጣል?” አላቸው። ዶ/ር ማንአልሞሽ፣ “በደቡቡ ደሴት ያለው የማዋለጃ ክፍል ይዘጋ ብላችሁ የጻፋችሁት በዚህ ቁጥር አይደለም እንዴ?” አሉት። እሱም “ያ ምክረ ሐሳብ ብቻ ነው” አላቸው። ምክረ ሐሳብ ብቻ! የራሱ ሚስት የምትወልድበትን ሆስፒታል ማን በምክረ ሐሳብ ሊዘጋበት ይችላል? ዶ/ር ማንአልሞሽ በሪፖርቱ ላይ አልፈርምም ብለው በዚያው ሳምንት ሥራቸውን ለቀቁ።

የረጅም ዘመን ጓደኛቸው ወ/ሮ ፀዲ ኖርዝጌት ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ጠርተው፣ “አንቺ ሴትዮ ጤና የለሽም? የቤቱን ሞርጌጅ ዕዳ ገና ከፍለሽ ሳትጨርሺ፣ ለማታውቂያቸው ሰዎች ብለሽ ሥራ ትለቂያለሽ?” ብለው ተቆጧቸው። “እንዴት አላውቃቸውም? የልጆቻቸውን ልብስ አይቻለሁ” አሏቸው። ወ/ሮ ፀዲ ይህንን እስከ ዛሬ እያለቀሱም እየሳቁም ያወሩታል። ከዚያ በኋላ ዶ/ር ማንአልሞሽ በአንድ የኮሚኒቲ ኮሌጅ ስታቲስቲክስ አስተማሩ። ቤተሰቡም ኑሮውን ለመቀነስ ከሲያትል ወጣ ወዳለችው ማውንትሌክ ቴራስ ተዛወረ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ቴአ የምትባል የኑካሬ ተወላጅ ኮሌጁ ድረስ መጣች። እዚሁ አካባቢ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት። የታተመውን ሪፖርት ይዛ ነበር። የማዋለጃ ክፍሉ ከተዘጋ አንድ ዓመት አልፎታል። እኅቷ ምጥ ይዟት ወደ ዋናው ደሴት በጀልባ ስትወሰድ መንገድ ላይ ሞታለች። ቴአ በገጹ ላይ ባለው ስም ላይ ጣቷን አሳርፋ፣ “ይህ የእርስዎ ስም ነው?” ብላ ጠየቀቻቸው። “መሪ የሥነ ሕዝብ ባለሙያ፦ ዶ/ር ማንአልሞሽ ዘመድኩን” ይላል።

ኮንትራቱ የዶክትሬት ዲግሪ ያለው የሥነ ሕዝብ ባለሙያ ስም ግዴታ ነው ይል ነበር። ድርጅቱ ሌላ አልነበረውም። እናም እምቢ ብለው የወጡትን ሴት ስም፣ ሳይነግራቸውና ሳያስፈቅዳቸው፣ እምቢ ባሉት ቁጥር ግርጌ አተመው። በዓለም ላይ ሁሉ “ዶ/ር ማንአልሞሽ እንዳረጋገጡት” እየተባለ ተጠቀሰ። ጋዜጦች ልጆቻቸው ግቢ ውስጥ እየሮጡ ላሉ እናቶች መርዶ ጻፉላቸው። ይህንን ሌብነት ማለት ያንሰዋል። ሌባ የወሰደውን ይሸሽጋል፤ እነዚህ የወሰዱትን ስም በአደባባይ ዘርግተው ነግደውበታል።

ቴአ ታሪኩን ሰምታ ስትጨርስ፣ “እንግዲያው ስምዎን ያስወጡ፤ እናቴ በየቀኑ ይህን ስም ትረግማለች” አለቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዶ/ር ማንአልሞሽ ሕይወት አንድ ጥያቄ ሆነ፤ ስሜን አንሡልኝ። ለድርጅቱ ጻፉ፣ ደወሉ፣ ጠበቃ አነጋገሩ፣ በዝናብ ከሕንፃው በር ላይ ቆሙ። መልሱ ሁሌም አንድ ነበር፤ ታትሞ የወጣ ሰነድ አይነካም፣ አንድ ፊደል እንኳ ሊቀየር አይችልም። የራሳቸውን ጥናት አሳትመው ትክክለኛውን ቁጥር ከነማስረጃው አወጡ። የጠቀሰው የለም ማለት ይቻላል፤ አገር እየሞተች ነው የሚለው ወሬ፣ አገር ደኅና ናት ከሚለው ይልቅ ገበያ አለው።

አንድ ቀን ናኦድ እናቱ ለሌላ ደብዳቤ ሲቀመጡ አይቶ፣ “ማም፣ ጀስት ሌት ኢት ጎ። ኖባዲ ሪድስ ኢት” አላቸው፤ በቃ ተዪው፣ የሚያነበው የለም ማለቱ ነው። “የሚያነበውማ አነበበው ናኦድዬ፤ አንብቦ ክፍሉን ዘጋው” ብለው መለሱለት። ናኦድ ከዚያ በኋላ ደብዳቤዎቹን እንግሊዝኛቸውን እያቃና አብሯቸው ይጽፍ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2021 የኑካሬ መንግሥት የራሱን ቆጠራ ሲያካሂድ በግል ወጪያቸው ሄደው ቆጣሪዎቹን አሠለጠኑ። ቆጣሪዎቹ የየመንደሩ ሴቶች ነበሩ። መርከበኞቹ በየቤታቸው ተመዘገቡ፤ ፀጉራቸው ያልተላጨ ልጆችም ሁሉ። ውጤቱ ከአሥራ አንድ ሺህ በላይ ሆነ። የአገሪቱ መንግሥት በይፋ አወጀው። የማዋለጃ ክፍሉ ግን እስከ ዛሬ እንደተዘጋ ነው፤ ገንዘቡን የሚሰጡት ወገኖች ቀድሞ የወጣው ሪፖርት ላይ ነው የሚመሠረቱት። ዶ/ር ማንአልሞሽ ከዚያ ጉዞ ሲመለሱ ደስታቸው አንድ ሳምንት አልቆየም። “ቁጥሩን አቃናሁት፤ ስሜ ግን እዚያው ጠማማው ላይ ነው” ይሉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2024 የጣፊያ ካንሰር እንደያዛቸው ታወቀ። ባለቤታቸው አቶ መልከጸዴቅ፣ ልጆቻቸውና ጓደኛቸው ወ/ሮ ፀዲ ሳይለዩ አስታመሟቸው። ቴአ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ሌሊቱን ታድርላቸው ነበር። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ቴአ በስልክ ከእናቷ ጋር አገናኘቻቸው። አሮጊቷ ያሉትን ቴአ ስትተረጉም፣ “እርስዎ እንዳልሆኑ አሁን አውቃለሁ፤ መራገሙን ትቻለሁ” የሚል ነበር። ዶ/ር ማንአልሞሽ ግን፣ “እርሳቸው ይተዉታል፤ ነገ የሚያነበው ግን እርሳቸውን አያውቃቸውም። ስሙ ይውጣ” አሉ። ለሃሴትም ይህንኑ አደራ ሰጡ። ከዚህ ሌላ ኑዛዜ አልነበራቸውም።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አሁን የምንናገረው ከሞቱ በኋላ የሆነ ነው። የሕይወት ታሪክ በሞት ቀን ማለቅ ነበረበት፤ ይኼኛውን ግን እነርሱ አላስጨረሱንም። ሐሙስ ዕለት፣ አስከሬናቸው ገና ሳይወጣ፣ ሃሴት የድርጅቱን ድረ ገጽ ከፈተች። በሪፖርቱ ላይ ከእናቷ ስም አጠገብ በሕይወት የሌለ ጸሐፊ የሚታወቅበት ትንሽ የመስቀል ምልክት ገብቷል። ከሥር “በሥራ ባልደረባችን ሞት የተሰማንን ሐዘን እንገልጻለን” ይላል። በሕይወት እያሉ አንድ ፊደል አይቀየርም የተባለው ሰነድ፣ በሞቱ በሁለተኛው ቀን ተከፍቶ ተስተካክሎ ተዘጋ። መቻልማ ይችሉ ኖሯል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የአበባ ጉንጉን ልከዋል፤ “ለኑካሬ ጥናት መሪ” የሚል ጽሑፍ አለበት። አቶ መልከጸዴቅ ጉንጉኑ ከመኪና ሳይወርድ ወደመጣበት እንዲመለስ አድርገዋል።

ስለዚህ ዶ/ር ማንአልሞሽ በሕይወት ሳሉ ያጡትን ማስተባበያ ቤተሰባቸው በዚህ ጉባኤ ፊት ይሰጣል። በዚያ ሪፖርት ላይ ያለው ቁጥር የእርሳቸው አይደለም። አልቆጠሩትም፣ አላመኑበትም፣ አልፈረሙበትም። ይህ ጽሑፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሞ በእጃችሁ አለ፤ ቴአ ወደ ኑካሬ ቋንቋ መልሳው በአገሯ አብያተ ክርስቲያናት ነገ እሑድ ይነበባል። ሪፖርቱን የሚጠቅስ ሰው ያገኘ ሁሉ ይህንን እንዲያሳየው አደራ እንላለን። ደብዳቤውም አልቆመም፤ ሃሴት የመጀመሪያውን በእናቷ ሳይሆን በራሷ ስም ትናንት ልካለች።

ዶ/ር ማንአልሞሽ ከባለቤታቸው ከአቶ መልከጸዴቅ አበጋዝ፣ ከልጆቻቸው ከሃሴትና ከናኦድ፣ ከልጅ ልጃቸው ከኖላዊት፣ ከታናሽ ወንድማቸው ከፋኑኤል ዘመድኩን፣ እንዲሁም ከቴአና ዛሬ ከየሥራቸው ፈቃድ ወስደው በመካከላችን ከተገኙት የኑካሬ ተወላጆች በሞት ተለይተዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመማችሁ፣ በጸሎት ላሰባችሁ፣ ከሩቅም ከቅርብም ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ እግዚአብሔር መጽናናትን ይስጥ። የሰውን ስም ያለ ፈቃዱ የማይጽፍ አምላክ የዶ/ር ማንአልሞሽን ስም በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍልን። በዚያኛውስ እርሳቸውም ይፈርማሉ።